የመስክ ሞተር ብስክሌት፦ ቀላሉ ጥገና ለምን ከበደ?

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ ሥራ በተጓዘበት አንድ ወረዳ፣ አንድ የክትባት ባለሙያ በማለዳ ወደ ገጠር ቀበሌ ለመውጣት ሲሰናዳ ተመልክቶ ነበር። የክትባት መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ እንዲቆይ በሣጥን ታሽጓል። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በቀጠሮው ሥፍራ እየጠበቁ መሆናቸው በስልክ ተነግሯል። የቀረው ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ መሄድ ብቻ ነበር። ሞተሩ ግን አልነሳም።

ባለሙያው ካንዴላው እንደተበላሸ ጠረጠረ። መለወጫ ካንዴላም በመጋዘን ነበር። ቀድሞ ይነዳት በነበረችው አሮጌ ሞተር ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። ካንዴላው ከሞተሩ ራስ ላይ በግልጽ ስለሚታይ በአንድ መፍቻ ተፈትቶ ሌላ ይገባል። በአዲሷ ግን ካንዴላው ጋር ለመድረስ በቅድሚያ ወንበሩ፣ ቀጥሎ የግራና የቀኝ የፕላስቲክ ልባሶች፣ ከዚያም የነዳጅ ማጠራቀሚያው መነሳት ነበረባቸው። የነዳጅ ቱቦው እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያውቅ በግቢው አልተገኘም። ወደ ጠባቡ ጉድጓድ የሚገባ መፍቻም አልነበረም። ሥራው ተጠናቆ ሞተሩ ሲነሳ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። የክትባት ሣጥኑ ወደ ማቀዝቀዣው ተመልሷል፤ እናቶቹም ወደየቤታቸው ሄደዋል። በትክክልም የተበላሸው ካንዴላው ብቻ ነበር።

ይህን መሰል ገጠመኝ በግብርና፣ በጤና፣ በእንስሳት ሀብትና በሌሎችም የመስክ ሥራ ባላቸው መሥሪያ ቤቶች ለሚያገለግሉ እንግዳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በአሽከርካሪው ቸልተኝነት ይመካኛል። ቸልተኝነት መኖሩ ባይካድም የችግሩ አንዱ ሥር ግን የዘመኑ ሞተር ብስክሌቶች አሠራር ራሱ ነው። ይህን መረዳት ለአሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን ግዥ ለሚፈጽመው፣ በጀት ለሚመድበውና ንብረት ለሚያስተዳድረው ኃላፊም ጠቃሚ ይሆናል።

ምን ተለወጠ?

ቀደም ባሉት ዓመታት ለመስክ ሥራ ይገዙ የነበሩ ሞተር ብስክሌቶች የተሠሩት በዋናነት ለጥንካሬና ለጥገና ቀላልነት ነበር። ለአብነት በአፍሪካ በግብርናና በእርዳታ ሥራ በስፋት የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ካቴናው ከጭቃና ከአቧራ በሽፋን የተጠበቀ ነው። ነዳጅ የሚያገኘው በካርቡሬተር ሲሆን በእግር ተመትቶ ይነሳል። እንዲህ ዓይነቱን ሞተር ብስክሌት በጥቂት መፍቻዎች፣ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ መንከባከብ ይቻላል።

ለለውጡ ትልቁን ግፊት ያደረጉት የጭስ ልቀት ደንቦች ናቸው። በአውሮፓ ዩሮ 3 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ዩሮ 4 በ2016፣ ዩሮ 5 ደግሞ በ2020 ለአዳዲስ ሞዴሎች ተግባራዊ መሆን ጀምረዋል። ሕንድም ባራት ስቴጅ 6 የተሰኘውን ደረጃ ከሚያዝያ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አንስቶ በሥራ ላይ አውላለች። እነዚህን ደረጃዎች በካርቡሬተር ማሟላት እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ አምራቾች በኮምፒዩተር ወደሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ዘዴ ተሸጋግረዋል። በተጨማሪም የአውሮፓ ደንብ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተር ብስክሌቶች ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለውን ኤቢኤስ የተባለ የፍሬን ሥርዓት አስገዳጅ አድርጓል። ወደ ውጭ የሚላኩ አንዳንድ ሞዴሎች አሁንም በካርቡሬተር ቢሠሩም የዘርፉ አቅጣጫ ግን ተለውጧል።

ለውጡ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ኮምፒዩተሩ የነዳጁን መጠን ከአየሩ ሁኔታ ጋር ስለሚያመጣጥን፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር በደጋማ አካባቢዎች የሚያሳየው ጥቁር ጭስና የጉልበት መድከም በእጅጉ ቀንሷል። የነዳጅ ፍጆታም ቀንሷል። ኤቢኤስ የሰው ሕይወት ያተርፋል። ዋና ዋና የጥገና ሥራዎች የሚከናወኑባቸው ጊዜያትም ተራርቀዋል። ሆኖም የተራራቁት ሥራዎች በዚያው ልክ ከብደዋል፤ ቅሬታው የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

የትኞቹ ሥራዎች ከበዱ?

አንደኛው የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል ነው። ቫልቭ በትክክል እንዲከፈትና እንዲዘጋ በአብዛኞቹ ሞተሮች ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ክፍተት ያስፈልገዋል። በቀድሞዎቹ ክፍተቱ በቡሎንና በማጥበቂያ ዳዶ ስለሚስተካከል፣ ሁለት ክዳኖችን ከፍቶ በቀጭን መለኪያ ላሜራ እየለኩ ማስተካከል ይበቃል። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ግን ክፍተቱ የሚስተካከለው ከቫልቩ በላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ክብ ብረት፣ ውፍረቷ በሚለይ ሌላ በመተካት ነው። ለዚህም በአብዛኛው ቫልቭ የሚገፋው ዘንግ መነቀል ይኖርበታል። ተስማሚዋ ብረት በእጅ ካልተገኘ ሞተሩ ተከፍቶ መለዋወጫ እስኪመጣ ይጠበቃል። በአንዳንድ ሞዴሎች ይህ ሥራ የሚጠይቀው በየ42,000 ኪሎ ሜትሩ መሆኑ እፎይታ ነው። ነገር ግን ጊዜው ሲደርስ ተራ ጋራዥ አይወጣውም።

ሁለተኛው የነዳጅ ሥርዓቱ ነው። ማደያ በሌለባቸው ከተሞች ነዳጅ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሚቸረቸር ቆሻሻና ውኃ መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ካርቡሬተር ሲቆሽሽ ከሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቶ ማጽዳት ይቻላል። በአዲሱ ዘዴ ግን ፓምፑና ፊልትሮው በአብዛኛው በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ ቱቦው በአማካይ ወደ 3 ባር የሚደርስ ግፊት ይሸከማል። ግፊቱ ሳይለቀቅ ቱቦውን መንቀል ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እንዲረጭ በማድረግ ለቃጠሎ አደጋ ያጋልጣል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ጥገኝነት ነው። አሮጌው ሞተር ባትሪው ቢሞትም በእግር ተመትቶ ይነሳ ነበር። በኮምፒዩተር የሚሠራው ግን ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ካላገኘ አይነሳም፤ አያሌ ሞዴሎችም የእግር ማስነሻ የላቸውም። ለሁለት ወር ያለ ሥራ የቆመ ሞተር ብስክሌት በባትሪ ምክንያት ብቻ ከአገልግሎት ውጪ ሊሆን ይችላል። ብልሽት ሲፈጠር በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የሚበራው የማስጠንቀቂያ መብራትም በአንዳንድ ሞዴሎች ያለ ልዩ መመርመሪያ መሣሪያ ምን እንደሚል አይታወቅም። ኤቢኤስ ባላቸው አንዳንድ ሞዴሎች ከፍሬን መስመር አየር ለማስወጣትም ይኸው መሣሪያ ይፈለጋል።

አራተኛው ወደ ሥራው ለመድረስ የሚባክነው ጊዜ ነው። የአየር ፊልትሮ መጥረግ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ልባሶቹን ማንሳትና መልሶ መግጠም ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል። የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች በፀሐይ ስለሚደርቁ ሲነቀሉ ይሰበራሉ። መጀመሪያ የሚጠፉት ሁለት መቆንጠጫዎች፣ ቀጥሎ አራት ይሆናሉ፤ በመጨረሻም ልባሱ በሽቦ ታስሮ ይታያል። ይህ የሚያሳዝነው ለመልኩ ሲባል ብቻ አይደለም። ሥራው አሰልቺ በሆነ ቁጥር አሽከርካሪው ለነገ እያለ ያስተላልፈዋል፤ ያልተጠረገ ፊልትሮም ሞተሩን አቧራ ያስበላዋል።

በዕውቀት ማነስ የሚደርስ ጉዳት

ከአሠራሩ ውስብስብነት ሌላ ትንሽ የምትመስል ስህተት ከባድ ወጪ የምታስከትልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የዘይት ምርጫ ነው። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ይሠራሉ። ለመኪና የተዘጋጁ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ። ለዚህም ሲባል የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለሞተር ብስክሌት የሚሆነውን ዘይት ለይቶ አስቀምጧል። በዘይቱ ዕቃ ላይ ጃሶ ኤም.ኤ ወይም ኤም.ኤ 2 የሚል ምልክት መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ከዋናው መጋዘን ለመኪናና ለሞተር ብስክሌት አንድ ዓይነት ዘይት ማውጣት ቁጠባ ቢመስልም ውጤቱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ካቴና ነው። በየማያያዣው ትናንሽ ጉሚኒዎች ያሉት ዘመናዊ ካቴና በቤንዚን ከታጠበ ጉሚኒዎቹ ይጎዳሉ፤ በውስጡ የታሸገው ግራሶም ይወጣል። ለእጥበቱ ነጭ ጋዝ ይሻላል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታዎችን ይበላል፤ የላላውም ከጥርሱ ወጥቶ አደጋ ያደርሳል። ትክክለኛው ልክ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የዘይት ማፍሰሻ ቡሎንም ከሚገባው በላይ ከጠበቀ ከአልሙኒየም የተሠራው የሞተሩ አካል ጥርሱ ይላጣል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራም የሳምንታት መቆም ያስከትላል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የችግሩ መፍትሔ ወደ አሮጌዎቹ ሞተር ብስክሌቶች መመለስ አይደለም። መፍትሔው የሚጀምረው ከግዥ ነው። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ የመግዣ ዋጋን ብቻ ከማነፃፀር ይልቅ፣ በአገልግሎት ዘመኑ የሚጠይቀውን የጥገናና የመለዋወጫ ወጪ አብሮ መመልከት ያስፈልጋል። አቅራቢው የጥገና መመሪያ፣ ልዩ መፍቻዎችና የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ባለሙያዎችንም እንዲያሠለጥን በሰነዱ ማካተት ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደንብ ቁጥር 168 አምራቾች የጥገና መረጃን ለገለልተኛ ጋራዦች ጭምር እንዲሰጡ ያስገድዳል። ይህን መሰል ግዴታ በሌለበት ገበያ ገዥው መረጃውን በውል መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ ርክክብ ሲፈጸም አሽከርካሪው ቁልፉን ብቻ ሳይሆን መመሪያውንም ሊረከብ ይገባል። በየመሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ቤት ተቆልፎበት የሚቀመጥ መመሪያ መጽሐፍ ጥቂት አይደለም። ለእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት የኪሎ ሜትርና የጥገና መዝገብ ማደራጀት፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራና መቆንጠጫን የመሳሰሉ ርካሽ ዕቃዎችን አስቀድሞ በመጋዘን መያዝ፣ ለከባዱ ሥራም በዓመት ዕቅድ በጀት መመደብ ከአንድ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ አይሆንም።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪታንያ የተመሠረተው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት በአፍሪካ አገሮች ለጤና ሠራተኞች የዘረጋው አሠራር ትምህርት ይሰጣል። የድርጅቱ መርህ ተሽከርካሪን ከተበላሸ በኋላ መጠገን ሳይሆን እንዳይበላሽ በጊዜ ሰሌዳ መንከባከብ ነው። አሽከርካሪው የዕለት ፍተሻውን ራሱ ያደርጋል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ደግሞ ቀነ ቀጠሮ ጠብቆ ይጎበኘዋል።

ዕለታዊ ፍተሻው ልባስ መፍታትን አይጠይቅም። የነዳጅና የዘይት መጠን፣ የካቴና ውጥረት፣ የጎማ ንፋስ፣ የፍሬን ብቃት፣ የመብራትና የባትሪ ሁኔታ፣ የላሉ ቡሎኖች መኖር አለመኖር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። የሞተር ብስክሌቱ አሠራር ቢራቀቅም እነዚህ ሥራዎች አሁንም በአሽከርካሪው እጅ ናቸው። የቀሩት ደግሞ የባለሙያ፣ የመሣሪያና የበጀት ጉዳዮች በመሆናቸው የኃላፊዎችን ውሳኔ ይሻሉ።

በጽሑፉ መግቢያ የተጠቀሰው ባለሙያ በማግስቱ ወደዚያው ቀበሌ ተጉዟል። ከቀደመው ቀን እናቶች የተመለሱት ግን ሁሉም አልነበሩም። ከሩቅ ጎጥ የመጡት ሥራቸውን ትተው ሁለተኛ ቀን መመለስ አልሆነላቸውም። በመሆኑም የአንድ ካንዴላ ጉዳይ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሕዝብ በቀጠሮው ቀን አገልግሎት የማግኘቱ ጉዳይ ጭምር ነው።