ውሃው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ዝርዝር

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ ነበር። ድሬዳዋ ተኝታለች። ደቻቱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ወንዝ አይባልም። ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፣ መንገደኛ ከከዚራ ወደ መጋላ ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገርበታል። በዚያች ሌሊት ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ሰውን ከነመኝታው ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። የድሬዳዋ እንባ ሳይደርቅ፣ በሳምንቱ ገደማ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ350 በላይ ወገኖቻችንን በላ።

ያን ሰሞን በስደት የነበርን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ስልክ አልነሳ ይል ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ፣ በሐበሻ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ካርቶን ተቀምጦ ሃያም አስርም ዶላር ወረወርንበት። አለቀስን፣ ሰጠን፣ ወደ ሥራችን ተመለስን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ስንቶቻችን ተከታተልን?

ውድ አንባብያን፣ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። አንዱ ውሃው ነው። ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው። ማን ተጎጂ ተብሎ ይመዘገባል? ማን ቤት ይደርሰዋል? ማንስ «አንተ እዚህ የለህም» ተብሎ ይመለሳል? ውሃው በአንድ ሌሊት ያልፋል፤ ዝርዝሩ ግን የሰውን ዕድሜ ይወስናል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ ከአንድ የአገሬ ልጅ በቃል ስምምነት ተከራይቼ የምኖርበት ምድር ቤት በጎርፍ ተሞላ። ውሃው የገባው በበር ብቻ ሳይሆን ከፍሳሽ ቱቦውም ነበር። አልጋዬ፣ የልጆቼ ልብስ፣ ከአገር ቤት ያመጣሁት የእናቴ ፎቶ ሁሉ ተበላሸ። በሦስተኛው ቀን የአካባቢው አስተዳደር ሠራተኞች ወረቀት ይዘው በር እያንኳኩ ጉዳት መዘገቡ። የረጠበውን ምንጣፍና ዕቃ መኪና ልከው ያለ ክፍያ አነሱ። ቤታቸውን ለሚጠግኑ ሰዎች የፈቃዱን ክፍያ ማሩ። ፕሬዚዳንቱ አካባቢውን የአደጋ ቀጠና ብለው ካወጁ በኋላ እኔም ለፌዴራሉ ዕርዳታ አመለከትኩ።

መልሱ «አይገባዎትም» የሚል ሆነ። ለምን? እዚያ ቤት እንደምኖር የሚያሳይ የጽሑፍ ውል ስለሌለኝ። ተናደድኩ። «ለካስ እዚህም ያው ነው!» አልኩ። ነገር ግን ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። የተከለከልኩበት ምክንያት በጽሑፍ ሰፍሯል። በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደምችል ተጽፏል። ይግባኙን የምልክበት አድራሻም አለ። አከራዬ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ የስልክ ሒሳቤን አያያዝኩ፤ አስተርጓሚ ጠይቄ ተሰጠኝ። በመጨረሻም ተከፈለኝ። የተከፈለኝ ካጣሁት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ግን እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ባለመብት ነው የተቀበልኩት።

አሜሪካ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ድሃው ሕዝብ በስታዲየም ውስጥ ለቀናት ያለ በቂ ምግብና ውሃ መጣሉን ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ሆኖም ነገሩ በዚያ አላበቃም። የአደጋ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማይክል ብራውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራ ለቀቀ፤ ምክር ቤቱም መርምሮ የመንግሥትን ጥፋት በሪፖርት አወጣ። ልዩነቱ የሀብት ብቻ አይደለም። የሚጠይቅ መኖሩ ነው።

ድሬዳዋስ? የድሬዳዋ ነዋሪ የከተማውን ምክር ቤት የመረጠው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ጎርፉ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል። ያም ምርጫ ቢሆን ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ያገለሉበት ነበር። እንግዲህ በዚያ የመከራ ክረምት የተጎጂዎችን ዝርዝር ያዘጋጀው አስተዳደር በሕዝብ ድምፅ ወንበር ላይ የተቀመጠ አልነበረም። ለማን ነው መልስ የሚሰጠው?

ሐቁን ለመናገር ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። ድንኳን ተተክሏል፤ ለተፈናቀሉ ሰዎች ቤቶች ተሠርተዋል፤ በደቻቱ ዳርም የመከላከያ ግንብ ቆሟል። የሠራው ይመስገን። ነገር ግን ደቻቱ ሞልቶ ሰው ሲገድል ያ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ1973 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ ሰው ወስዷል። ግንቡ የቆመው ይህ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ደግሞም ውሃው የሚመነጨው ከድሬዳዋ አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው። ጎርፍ የክልል ድንበር አያውቅም። ደጋው ካልለማ፣ ሁለቱ አስተዳደሮች ካልተመካከሩ፣ ግንብ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ጉዳዩ የትናንት ወሬ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ሥጋት አመራር ፖሊሲ ኃላፊነቱ እስከ ወረዳ ድረስ እንዲወርድ ይላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ ግን ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ነበር። በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ብዙውን በላዩ ላይ ቀበረው። ሕዝቡ ዛሬም ለወገኑ ይሞታል። መንግሥትስ?

ሕዝቡ የሚጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የተጎጂዎች ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተከራይም፣ ደባልም፣ መታወቂያው በጎርፍ የተወሰደበትም በጎረቤት ምስክርነት ይመዝገብ። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። አቤቱታውን የሚሰማው ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው አይሁን። በተጎጂዎች ስም የገባው ገንዘብ፣ የእኛ የካርቶን ዶላር ጭምር፣ ስንት እንደነበረና የት እንደዋለ በአደባባይ ይነገር። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ማጣበቂያና ቅን ልብ ነው።

እኛም በውጭ ያለን ድርሻችንን እንወቅ። ገንዘብ ስንልክ ደረሰኝና ሪፖርት እንጠይቅ፤ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም። በአሜሪካ በምድር ቤት የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የኪራይ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት እንደማይሸፍን፣ የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስም በአብዛኛው ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ እንደሆነ እወቁ። «አይገባዎትም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣባችሁም አትቅደዱት። የይግባኙ መንገድ እዚያው ላይ ተጽፏል።

የድሬዳዋ እናት ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጇ የሚገባው መቼ ይሆን?

ለሞቱት ነፍስ ይማር። ለቀሩት መብታቸውን ይስጣቸው።