ቀስቱ ምን ተሸክሟል?

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር ነው እንበል። የሲስተም ባለሙያው ኮድ ከመጻፉ በፊት ወረቀት ላይ አንድ ክብ ይሥላል፤ ማኅበሩ በሙሉ እሱ ነው። አባሉን፣ ዋሱንና ባንኩን በዙሪያው በአራት ማዕዘን ያስቀምጥና የሚለዋወጡትን መረጃ በቀስት ያሳያል። የዳታ ፍሎው ዳያግራም የመጀመሪያ ገጽ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ክቡ ይዘረዘራል። «ማመልከቻ መቀበል»፣ «ብድር መወሰን»፣ «ክፍያ መመዝገብ» የሚሉ ትናንሽ ክቦች ይወጡታል፤ የአባላት መዝገብ በሁለት ትይዩ መስመሮች ይሣላል። ይህን አሣሣል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በመጽሐፉ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ቶም ዴማርኮ ነው።

ምልክቶቹ አራት ብቻ ስለሆኑ ሒሳብ ሹሙም ሊቀመንበሩም ሳይቸገሩ ያነቧቸዋል። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ቀስት ሁሉ የሚሸከመው መረጃ ስም ይጻፍበታል። መረጃ እየገባበት ምንም የማይወጣው ክብ «ጥቁር ጉድጓድ» ይባላል፤ ምንም ሳይገባበት የሚያወጣው ደግሞ «ተአምር»። ከመዝገብ ወደ መዝገብም መረጃ በራሱ አይሄድም፤ የሚያንቀሳቅሰው ሥራ መሀል ላይ መኖር አለበት።

ዳያግራሙ መረጃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ብድሩ በምን መስፈርት እንደሚፈቀድ አይናገርም። ለዚያ የውሳኔ ሠንጠረዥ አለ፤ እኔ ከሁሉ የማደንቀው እሱን ነው። አባሉ ስድስት ወር ቆጥቧል? ዋስ አቅርቧል? ያልከፈለው ብድር አለበት? ሦስቱም መልሳቸው አዎ ወይም አይደለም ከሆነ፣ ሊገጥሙ የሚችሉት ሁኔታዎች ስምንት ናቸው። ሠራተኛ በቃል ሲጠየቅ በየቀኑ የሚያጋጥሙትን ሁለት ሦስቱን ይናገራል። ሠንጠረዡ ግን ስምንቱንም ይጠይቃል። በደንብ የቆጠበ፣ ዋስም ያለው፣ ነገር ግን ከቀድሞው ብድር ጥቂት የቀረበት አባል ቢመጣስ? በሠንጠረዡ ላይ የዚህ ሁኔታ ቦታ ባዶ ከሆነ ማንም አልወሰነበትም ማለት ነው። እንዲሁ ከታለፈ ፕሮግራመሩ በግምት ይሞላዋል፤ አባሉም የማኅበሩ ጉባኤ ባላጸደቀው ደንብ ይከለከላል።

ስለዚህ ባለሙያው ሠንጠረዡን ይዞ ወደ ብድር ኮሚቴው ይመለሳል፤ መልሱ ተጽፎ እስኪሞላም «ብድር መወሰን» የሚለው ክብ ወደ ኮድ አይተላለፍም።