የውኃ መፍላትና የሪአክተር አደጋ፦ የኖርማን ራስሙሰን ጥናት ለፊዚክስ ትምህርት

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዚያ ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ በቦረናም ሆነ በአማራ ሳይንት አንድ ተማሪ ስለ ውኃ ነጥበ ፍሌት ሲጠየቅ «100 ዲግሪ» ብሎ ይመልሳል፤ ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ሲቆምም መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ የሚደመድም አይጠፋም። ነጥበ ፍሌት በግፊት የሚወሰን መሆኑን ግን ባቄላ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚላቸው እናቶቹ በተግባር ያውቁታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ይኸው የተናቀ ዕውቀት በጎደለበት ቦታ ስለ ደረሰው ከባድ የኑክሌር አደጋና አደጋው ከመድረሱ በፊት ስለ ተካሄደው ምርምር ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ በ2019 ከሩሲያ ጋር በአቶሚክ ኃይል ሰላማዊ አጠቃቀም ላይ ተስማምታለች፤ በ2025 ደግሞ የኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። ውጥኑ ከግብ ቢደርስ በመቆጣጠሪያው ክፍል የሚቀመጡት ዛሬ ከፊታችን ካሉት ተማሪዎች መካከል የሚወጡ ናቸው።

የሪአክተር ደኅንነት ዋና ችግር የሚመነጨው ሪአክተሩ ከቆመ በኋላም ሙቀት ማፍለቁን ስለማያቋርጥ ነው። የአቶሞቹ መሰንጠቅ በተገታበት ቅጽበት ከመደበኛው ሙቀት ከመቶ 6 ወይም 7 ያህሉ ይቀራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 1.5፣ ከአንድ ቀን በኋላም ወደ ግማሽ ከመቶ ዝቅ ይላል። ይህን እሳቱ ከተነሣለት ምጣድ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም። ምጣዱ የያዘው ቀድሞ የተጠራቀመ ሙቀት ነው፤ የሪአክተሩ ነዳጅ ግን በአመድ እንደ ተዳፈነ ረመጥ ከውስጡ አዲስ ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ ውኃው ከተቋረጠበት ራሱን በራሱ ሊያቀልጥ ይችላል።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ኖርማን ራስሙሰን የመሩት ጥናት በ1972 ተጀምሮ በ1975 ታትሟል። ከዚያ በፊት መሐንዲሶችን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስባቸው የነበረው የትልቁ ቧንቧ በድንገት መሰበር ነበር። ራስሙሰንና ባልደረቦቻቸው ግን «ይህ ቢበላሽ፣ ቀጥሎም ያኛው ባይሠራ» እያሉ የብልሽቶችን ሰንሰለት አንድ በአንድ ተከታትለው፣ ትናንሽ ፍሳሾችና የሰው ስሕተት ሲደራረቡ ከትልቁ ስብራት የበለጠ እንደሚያሰጉ አሳዩ። ጥናቱ ያለ ነቀፋ አልታለፈም። በ1978 የመረመረው ኮሚቴ የአሐዞቹ እርግጠኝነት ተጋንኗል አለ፤ የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም በጥር 1979 ለጥናቱ ማጠቃለያ ሰጥቶት የነበረውን ድጋፍ አነሣ። ነቀፋው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ከአሐዞቹ ጋር ዋናው ማስጠንቀቂያም አብሮ ተዘነጋ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1979 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከንጋቱ 10 ሰዓት፣ በፔንሲልቫኒያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ የውኃ ፓምፖች ቆሙ። ሪአክተሩ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን አቆመ። ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተው ቫልቭ ግን መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የነበረው መብራት የሚያመለክተው ቫልቩ እንዲዘጋ የተላለፈውን ትእዛዝ እንጂ መዘጋቱን አልነበረም። በሪአክተሩ ውስጥ 300 ዲግሪ ገደማ የሞቀው ውኃ ሳይፈላ የሚቆየው ከአየር ግፊት 150 እጥፍ በሚሆን ግፊት ታፍኖ ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲወርድ ሙቀት ሳይጨመርበት መፍላት ጀመረ። እንፋሎቱም ውኃውን ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው ጋን ገፋው፤ የጋኑ መለኪያም «ሞልቷል» አለ። ተቆጣጣሪዎቹ ጋኑ ከቶ እንዳይሞላ ተብለው የሠለጠኑ ስለነበሩ፣ በራሱ ይገባ የነበረውን የአደጋ ጊዜ ውኃ ቀነሱት። ፍሳሹ የተገታው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። የነዳጁ ግማሽ ያህል ቀለጠ፤ ዕቃው ስላልተቀደደ ግን ወደ ውጭ የወጣው ራዲዮአክቲቭ ነገር ጥቂት ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በኦሃዮ በሚገኘው የዴቪስ ቤሲ ጣቢያ በመስከረም 1977 ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ የነበረ መሆኑ ነው። በዚያ የነበሩት ሠራተኞች በ20 ደቂቃ ገደማ ነቅተው ዘጉት፤ ትምህርቱ ግን ለሌሎቹ በወቅቱ አልደረሰም።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ነጥበ ፍሌትን የሚመለከተውን ክፍል ሲያሻሽሉ፣ የሚከተለው ሙከራ ቢገባ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መምህሩ መርፌው በተነቀለለት ሲሪንጅ 80 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውኃ እስከ አንድ አምስተኛው ይስባል፤ አየሩን አስወጥቶ ጫፉን በክዳን ይደፍንና ገፊውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ውኃው ያለ እሳት ይፈላል፤ አረፋ እየሠራም ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ ከፍታውን ብቻ ተመልክተው፣ በሲሪንጁ ውስጥ ውኃ ተጨምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ከነምክንያቱ እንዲጽፉ ይደረጋል።