ሳጥኑ 10 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ድሮኑ ግን ስንት ይሄዳል?

የምትሠሩበት ቤት ልጅ አዲስ ድሮን ተገዝቶለት ወደ አጅማን ኮርኒሽ እንድትወስዱት ይጠይቃችሁ ይሆናል። ወይም አገር ቤት ያለው ወንድማችሁ በካርጎ እንድትልኩለት ይለምናችኋል። ሁለቱም የሚያምኑት ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ርቀት ነው።

ገበያ ላይ ከሚታወቁት አንዱ ዲጄአይ ሚኒ 2 ነው። ክብደቱ 249 ግራም ሲሆን፣ አምራቹ ሲግናሉ እስከ 10 ኪሎ ሜትር፣ ባትሪው እስከ 31 ደቂቃ ይደርሳል ይላል። ይህ ግን ከለላ በሌለበት ሜዳ፣ ንፋስ በሌለበት ሰዓት የሚገኝ ቁጥር ነው። የመመለሻውን መንገድም አያስብም።

ሪሞቱና ድሮኑ የሚገናኙት በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የቤት ዋይፋይ በሚሠራበት ሞገድ። ዱባይ ማሪና ወይም ሻርጃ አል ናህዳ ባሉ ፎቆች መሃል በየአፓርታማው ዋይፋይ አለ። ድሮኑ ከኮንክሪት ሕንፃ ጀርባ ከዞረ ቅርብ ሆኖም ሲግናሉ ሊቋረጥ ይችላል።

ባህር ዳር ደግሞ ንፋሱ አለ። ድሮኑ በሴኮንድ 10 ሜትር ይበራል፣ ንፋሱ በሴኮንድ 6 ሜትር ነው እንበል። ከንፋሱ ጋር ሲሄድ ፍጥነቱ 16 ይሆናል፤ በ5 ደቂቃ 4.8 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሲመለስ ግን የሚቀረው 4 ብቻ ስለሆነ ያንኑ መንገድ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ብዙ ድሮን ባህር የሚገባው እንዲህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ንፋሱ ይሂድ፤ ባትሪው ግማሽ ሳይደርስም ይመለስ።

ሙቀቱንም አትርሱ። ሚኒ 2 የተሠራው እስከ 40 ዲግሪ ላለ አየር ነው፤ የእዚህ አገር የበጋ ቀን ደግሞ ከዚያ ያልፋል። አዲስ አበባ ሙቀት ባይኖርም ከተማዋ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፎቹ በፍጥነት መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ከሁሉም በፊት ርቀቱን የሚወስነው ሕጉ ነው። ኤምሬትስ በጃንዋሪ 2022 የመዝናኛ ድሮን ማብረርን ከልክላ፣ ለግለሰቦች በጃንዋሪ 2025 ነው በቅድመ ሁኔታ የፈቀደችው። ድሮኑም አብራሪውም መመዝገብ አለባቸው፤ የሚበረረው በተፈቀደ ቦታ፣ ከ400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) ሳያልፍ፣ በዓይን እየታየ ነው። ትንሿ ድሮን በዓይን የምትታየው ደግሞ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው። መመሪያው ሊለወጥ ስለሚችል በየጊዜው ይታይ። ሰውን ያለ ፈቃዱ መቅረጽም ከ150,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ያስቀጣል፤ እስራትም አለው።

ስለዚህ «አንዴ ያዢልኝ» ተብሎ ሪሞት ሲሰጣችሁ፣ በማን ስም እንደተመዘገበና ቦታው የተፈቀደ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀበሉ። «መምኑዕ» የሚል ምልክት ካያችሁ ልጁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አገር ቤት ለመላክም ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ወንድማችሁ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያውጣ። ያለ ፈቃድ የገባ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል፤ የወራት ደመወዛችሁም እዚያው ይቀራል።