ሁለመናው ገጽ የሆነ ቁስ

የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት በወረቀት ላይ ጭረት የሚተወው፣ የካርበን አቶሞች በስድስት ጎን ቅርጽ ተያይዘው የሠሯቸው ንጣፎች እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ስለሚላላጡ ነው። ከንጣፎቹ አንዱ ብቻውን ሲነጠል ግራፊን ይባላል፤ ውፍረቱም የአንድ አቶም ያህል፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ሲሶ ገደማ ነው። ፊሊፕ ዋላስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 የኤሌክትሮኖቹን ጠባይ በስሌት አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ስስ ነገር ብቻውን ሊጸና አይችልም የሚለው እምነት ስለ በረታ፣ በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይትን በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ደጋግመው እየላጡ አንዱን ንጣፍ መለየታቸው ብዙዎችን አስደነቀ፤ በ2010ም የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ኤሌክትሮኖች በግራፊን ውስጥ የኮምፒውተር ልብ ከሚሠራበት ሲሊከን በእጅጉ በቀለለ ሁኔታ ስለሚጓዙ፣ ቁሱ ሲሊከንን ይተካል የሚል ተስፋ ወዲያው ተነሣ። ነገር ግን ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚከፍተውና የሚዘጋው ደቃቅ በር፣ እንዲዘጋ የኃይል ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ይህም ኤሌክትሮኖች ሊቆዩበት የማይችሉት የኃይል እርከን ነው። ሲሊከን ይህ ክፍተት አለው፤ ግራፊን ግን የለውም፤ በሩም ፈጽሞ አይዘጋም። ቁሱን በቀጭኑ በመቁረጥ ክፍተት ለመፍጠር ቢሞከርም፣ የጠርዙ መሻከር የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ ያውከዋል። በ2024 መጀመሪያ የጆርጂያ ቴክና የቲያንጂን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በሲሊከን ካርባይድ ላይ ባሳደጉት ንጣፍ 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት ማግኘታቸውን ማሳወቃቸው እውነተኛ እመርታ ቢሆንም፣ ከቤተ ሙከራ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ገና ረጅም ነው።

ግራፊንን በሲሊከን ሚዛን ብቻ መመዘን ግን ቁሱን መበደል ነው። የዳሳሽ፣ ማለትም በአካባቢው የሚከሰተውን ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው መሣሪያ፣ ሥራ መዝጋት ሳይሆን መስማት ነውና፣ በኮምፒውተር ዘንድ ነቀፋ የሆነው ጉድለት በዚህ ስፍራ አይጎዳም። የግራፊን አቶሞች ሁሉ በገጹ ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ አንዲት የጋዝ ሞለኪውል ስታርፍበት ኤሌክትሮን ትሰጠዋለች ወይም ትወስድበታለች፤ ያን ጊዜም የቁሱ የኤሌክትሪክ መቋቋም ይለወጣል። የማንቸስተር ተመራማሪዎች በ2007 የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ ሲያርፉና ሲነሡ በዚህ መንገድ ለክተዋል።

ይህ ንቃት ግን የራሱ ዕዳ አለው፤ ግራፊን የሚፈለገውን ጋዝ ብቻ ሳይሆን የአየሩንም እርጥበት ስለሚሰማ፣ አንዱን ከሌላው የሚለዩ ፀረ እንግዳ አካላት ወይም የዲኤንኤ ዘለላዎች በገጹ ላይ ሊተከሉበት ይገባል። በደም ምርመራ ችግሩ ይብሳል፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው የሞለኪውሎችን የኤሌክትሪክ ሙል ከአንድ ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ይሸፍነዋልና፣ ከዚያ ርቆ የተያዘው ሞለኪውል ለዳሳሹ እምብዛም አይታይም።

ሌላው እንቅፋት አመራረቱ ነው። ሰፊ ንጣፍ የሚገኘው ሚቴን ጋዝን እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ መዳብ ላይ በማሳለፍ ሲሆን፣ ከመዳቡ ሲነሣ ይቀደዳል፤ የማንሻው ፕላስቲክ ትራፊም ንጹሕ ሆኖ ሊቆይ በሚገባው ገጽ ላይ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ለአሥር ዓመት የአንድ ቢሊዮን ዩሮ መርሐ ግብር የጀመረው ግራፊንን ከቤተ ሙከራ ለማውጣት ነበር። በዱቄት መልክ በሚሸጠው ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው፤ በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የ60 አምራቾችን ናሙና መርምሮ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ እውነተኛው ግራፊን ከ10 በመቶ በታች፣ ቀሪው ደግሞ ደቃቅ ግራፋይት ሆኖ አግኝቶታል።