ድጋፍ በሌለበት የሕክምና ቢሮ

ኦሃዮ ሄልዝ፣ ማውንት ካርሜል፣ የኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታልና የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዌክስነር የሕክምና ማዕከል ለኮሎምበስ ነዋሪ ሰፊ የእንጀራ በር የከፈቱ ተቋማት ሲሆኑ፣ ከሠራተኞቻቸው መካከል ሕመምተኛ የሚመዘግቡ፣ ቀጠሮ የሚይዙ፣ ሒሳብ የሚያወራርዱና ከኢንሹራንስ ድርጅቶች ጋር የሚጻጻፉ የአስተዳደር ሠራተኞች ብዙ ናቸው። እነዚህ ሠራተኞች የሚያስፈጽሙትን ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አይወስኑትም፤ ኢንሹራንሱ የቅድሚያ ፈቃድ ሲነፍግ፣ ማለትም የአንድን ምርመራ ወጪ ለመሸፈን አስቀድሞ እንቢ ሲል፣ የሕመምተኛው ቁጣ የሚያርፈው መልሱን በስልክ በሚነግረው ሠራተኛ ላይ ነው፤ ሐኪሙም ነገሩ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቀው እርሱኑ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የክፍያ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፈው ቼንጅ ሄልዝኬር በሳይበር ጥቃት ሥራው ሲስተጓጎል፣ በመላ አሜሪካ የሚገኙ የሒሳብ ክፍሎች ያላጠፉትን ጥፋት ለማቃናት ተገደዱ።

ሮበርት ካራሴክ በ1979 ባወጣው ጥናት ሠራተኛን ይበልጥ የሚጎዳው ከባድ የሥራ ጫና በሥራው ላይ ካለው የመወሰን ሥልጣን ማነስ ጋር ሲገጣጠም እንደሆነ አስረዳ፤ ጄፍሪ ጆንሰንና ኤለን ሆል ደግሞ በ1988 ሦስተኛውን ነገር፣ ከአለቃና ከባልደረባ የሚገኘውን ድጋፍ፣ ጨመሩበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መደብ ውስጥ የሥራ ዝለትን በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመነጭ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ ምልክቶቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽና የብቃት መቀነስ ናቸው። የችግሩ ምንጭ ሥራው የተደራጀበት መንገድ ነውና፣ የዛለ ሠራተኛ ራሱን በደካማነት መውቀስ አይገባውም።

ዝምታ የነገሠበት ተቋም የሚያስከፍለውን ዋጋ የኮሎምበስ ሰው በቅርብ አይቶታል። በጥቅምት 2018 መጨረሻ በማውንት ካርሜል አንድ ሐኪም ስለሚያዘው የማስታገሻ መድኃኒት መጠን ጥቆማ ደረሰ፤ ሐኪሙ ከሥራ የታገደው ግን አራት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ነበር፤ በዚያም መካከል ከመጠን ያለፈ መድኃኒት የተሰጣቸው ሦስት ሕመምተኞች መሞታቸውን ሆስፒታሉ ራሱ አምኗል። በሐምሌ 2019 ሃያ ሦስት ሠራተኞች ተሰናበቱ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም እንደሚለቁ ተገለጸ። ሐኪሙ በ2022 በፍርድ ቤት ከግድያ ክስ ነጻ ተብሏል፤ ሆኖም አንድ ጥቆማ ከሰሚው እስከ ወሳኙ ድረስ ለመጓዝ ይህን ያህል መዘግየቱ ለማንኛውም የጤና ተቋም አስተዳደር ከባድ ጥያቄ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሠራተኛ አለቃን መቃወም እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት አስተዳደግ አድጎ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ከተማ ያለው ሸክም እጥፍ ይሆንበታል። መታገሥ መልካም ቢሆንም፣ በደልን መዝግቦ መታገሥና በደልን ውጦ መታገሥ በእጅጉ ይለያያሉ። የሆነውን ነገር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነበሩትን ሰዎች ጠቅሶ መጻፍ፣ በቃል የተሰጠን ትእዛዝም በኢሜይል ማረጋገጥ ሠራተኛውን ይጠብቀዋል፤ የ1996ቱ የሕክምና ምስጢር ሕግ ስለሚያስገድድ ግን በማስታወሻው ውስጥ የሕመምተኛ ስምና መለያ መግባት የለበትም።

ሕጉ የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። በኦሃዮ ቅጥር በመርሕ ደረጃ በሁለቱም ወገን ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ውል ወይም ሌላ ሕግ ካልከለከለ በቀር አሠሪውም ሠራተኛውም በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ ማለት ነው። ሸካራ ጠባይ ብቻውን በሕግ አያስጠይቅም፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በትውልድ አገር ምክንያት የመጣ በደል ግን ያስጠይቃል። የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ በግል ተቋማት ያሉ ሠራተኞች ማኅበር ባይኖራቸውም ስለ ሥራ ሁኔታቸው አብረው እንዲናገሩ ይፈቅዳል፤ ይህ ሕግ ግን አለቆችንም የኦሃዮ ስቴትን የመሳሰሉ የመንግሥት ተቋማትንም አይመለከትም። ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ተቋም አሥራ ሁለት ወርና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው፣ የአእምሮ ጤናን ጨምሮ በሐኪም ለተረጋገጠ ከባድ ሕመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ የመውሰድ መብት አለው።

የመድልዎ አቤቱታ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ300 ቀን ውስጥ፣ መሥሪያ ቤቱ በዚሁ በኮሎምበስ ለሆነው ለኦሃዮ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቀርባል፤ አቤት ለማለት ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፣ ክፍያም አይጠየቅበትም።