ማኅበራዊ ነገር፤ የዱርኬም ሐሳብና የለቅሶ ቤት ልማድ

ሶሲዮሎጂን የሚጀምር ተማሪ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቸገረው «ማኅበራዊ ነገር» በተባለው ቃል ነው። ቃሉን አብራርቶ ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ሊቅ ኤሚል ዱርኬም ነው። ዱርኬም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ. ም. በኤፒናል ከረቢ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ በቦርዶ ቀጥሎም በፓሪስ አስተማረ፤ በ1917 ዓ. ም. ሞተ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ዱርኬም በ1895 ስለ ሶሲዮሎጂ ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ማኅበራዊ ነገር ማለት ከአንዱ ሰው ውጭ ሆኖ በዚያው ሰው ላይ ግን ግዳጅ የሚጥል የአሠራር፣ የአስተሳሰብና የስሜት መንገድ ነው። ቋንቋን፣ ገንዘብን፣ ሕግን ስንወለድ ቆይተውን አገኘናቸው፤ ስንሞትም ትተናቸው እንሄዳለን። እሺ ብለን ስንከተላቸው ግዳጁ አይሰማንም፤ እንቢ ያልን ዕለት ግን ይታወቀናል።

በ1897 ስለ ራስን መግደል የጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ በቍጥር ለማስረዳት ነው። ፕሮቴስታንቶች ከካቶሊኮች፣ ያላገቡም ካገቡት ይልቅ በብዛት ራሳቸውን እንደሚገድሉ አሳይቶ፣ ምክንያቱን ሰው ከማኅበሩ ጋራ ባለው ትስስር መጥበቅና መላላት ፈለገ። ኋላ ግን በቍጥሩ ላይ ክርክር ተነሣ። አሜሪካዊው ጃክ ዳግላስ በ1967 ባወጣው መጽሐፍ የመንግሥት መዝገብ ራሱ የሰዎች ፍርድ ውጤት መሆኑን አመለከተ። ይህ ትችት ለአገራችን ተመራማሪ ቀላል አይደለም፤ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ የሚያውቅ ቤተ ዘመድ የሞቱን ምክንያት ቢሰውር አያስደንቅምና።

ስለዚህ ሐሳቡን ለመፈተን ከመዝገብ ይልቅ ለቅሶ ቤት የሚሻል ይመስለናል። ዱርኬም በ1912 ስለ ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ የአውስትራልያን ነገዶች የሐዘን ሥርዐት መርምሮ፣ ለቅሶ ልብ ስለ ቈሰለ ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ ማኅበሩ በአባሎቹ ላይ የጣለው ግዴታ ነው ይላል። ማኅበሩ ሰው ሲጐድልበት ይሰበሰባል፤ በመሰብሰቡም የተናጋ ኀይሉን መልሶ ያገኛል።

ይህን መጀመሪያ ስናነብ አልተቀበልነውም። እናቱ የሞተችበትን ሰው «የምታለቅሰው ግዴታ ሆኖብህ ነው» ብሎ የሚደፍረው ማን ነው? ነገር ግን ለቀስተኛውን እንመልከት። ሟቹን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ የሰፈር ሰው ሥራውን ትቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ከድንኳኑ ሲደርስ እንባው ይወርዳል። እንባው ሐሰት አይደለም፤ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ እያንዳንዱ የራሱን ሟች ያስታውሳልና። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ ግን ስሙ ይነሣል፤ በራሱም ቀን የሚደርስለት እንዳያጣ ይፈራል። ካህናት ደረት መድቃትንና ፊት መንጨትን ሲከለክሉ ኖረዋል፤ ሆኖም ልማዱ በብዙ ስፍራ ከስብከቱ ይልቅ ጸንቶ ቆይቷል። አንዳንዶቻችን በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህ ሁሉ ያለማወቅ ምልክት ነው ሲባል ሰምተን አምነን ነበር። እንዲህ ማለት ግን መፍረድ እንጂ ማጥናት አይደለም።

ዱርኬምን የምንቃወመው በሌላ በኩል ነው። በ1893 ባወጣው መጽሐፍ ሰዎችን በመመሳሰል የሚያስተሳስረው ኅብረት፣ የሥራ ክፍፍል እየበዛ ሲሄድ በመደጋገፍ ለሚገኘው ኅብረት ስፍራውን ይለቃል ብሏል። የዚሁ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም በ1902 ሲወጣም፣ ሰውን ከመንግሥት ጋራ የሚያገናኙት የሰፈር ማኅበሮች ሳይሆኑ የሙያ ማኅበሮች እንደሚሆኑ ተስፋ አደረገ። በአዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ዕድር ቢኖርም የሰፈሩ ዕድር አልጠፋም። ነጋዴው፣ ጸሐፊውና ዘበኛው በአንድ መዝገብ ተጽፈው በየወሩ ያዋጣሉ። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ በጋራ ገንዘብ ድንኳንና የወጥ ድስት ይገዛሉ። መተዳደሪያ ደንቡን ላነበበ ሰው ነገሩ ውል ይመስላል፤ የተዋዋሉበት ጕዳይ ግን ያው የጥንቱ ቀብርና ለቅሶ ነው። አንዱ ኅብረት ለሌላው ስፍራ ለቀቀ ከማለት ይልቅ፣ አሮጌው በአዲሱ መዝገብ ተጻፈ ማለት ይቀላል።

ውሉም ቢሆን ሁሉን አያስርም። ከቀብር የቀረ አባል በደንቡ መሠረት መቀጫውን ቢከፍል በገንዘብ ያዡ ዘንድ ዕዳ የለበትም። የሟቹ ቤተ ሰቦች ግን ከሰልስት በኋላም «እገሌ አልመጣም» ይላሉ።